በጭስ ማውጫው በኩል

እናቴና ባለቤቴ በአንድ ግቢ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ ከመከባበራቸው ብዛት ነው። እናቴ የደጋ ሴት ናት። አማች ባለበት አትበላም፣ ነጠላዋን ሳትከናነብ ከፊቱ አትቆምም፣ ስሙን ከመጥራት ምላሷን ብትነክስ ትመርጣለች። እሱ ደግሞ ከእሷ ይብሳል። አማቱ ከበር ብቅ ስትል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ እንደመጣ ተማሪ ይቆማል።

የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። "እናትሽን ውሃው ተቀድቷል በያቸው" ይለኛል፣ እናቴ እዚያው ተቀምጣ እየሰማችው። "ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" ትለኛለች፣ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማት። አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ለማይሰሙኝ ልጆች ስጮህ እውልና ቤቴ ስገባ ደግሞ ጆሯቸው ደህና ለሆነ ሁለት ሰዎች አስተርጓሚ እሆናለሁ።

ያኔ የምንኖረው በሱዳን ጠረፍ ባለችው የቆላ ከተማ፣ ሽንፋ ነው። እኔ እዚያ ተመድቤ ሄድኩ፤ ባለቤቴ በየሰሊጥ እርሻው እየዞረ ትራክተር የሚጠግን መካኒክ ነበር። እናቴ አባታችን ካረፈ በኋላ እኔን ልታርስ ከዳባት ወርዳ በዚያው ቀረች። ሙቀቱን ትረግመዋለች፣ ትንኙን ትረግመዋለች፣ ልጄን ግን ከጀርባዋ አታወርድም። እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። "የአማቼን እንጀራ ቁጭ ብዬ አልበላም" ብላ ማድ ቤት ከገባች ወዲህ እኔ ለራሴ ምድጃ እንግዳ ሆኛለሁ።

በበጋ ችግር አልነበረብንም። የሚበስለው ሁሉ የሚበስለው ውጭ፣ በቆላው አነጋገር ራኩባ በምንለው የአገዳ ዳስ ሥር ስለሆነ ጭሱ ወዳሻው ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ከጎን ይመታል፤ ዳሱ መጠለያነቱ ይቀርና እሳቱ ወደ ማድ ቤት ይገባል። ማድ ቤታችን ደግሞ ባለቤቴ የሠራው ጭስ ማውጫ ነበረው። የናፍጣ በርሜሎችን ላይና ታቻቸውን ቆርጦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ በይዶ፣ ከምድጃው ጀርባ አቁሞ በቆርቆሮው ጣራ አውጥቶታል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አይቶ አድንቆለታል፤ እኔም በባሌ ትንሽ ተኩራርቻለሁ። ነፋስ ሲነሳ ጭሱ ተመልሶ ቤቱን ይሞላው ነበር፤ እኛ ግን እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው እያልን አለፍነው። በሁለተኛው ክረምት በርሜሉ ከውስጥ ዝጎ ወንፊት ሆነ። ጭሱ በጣራ መውጣቱን ትቶ በየቀዳዳው እየሾለከ እናቴ ፊት ላይ ይተፋ ጀመር።

ሳሏ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ቆይቶ ስትናገርም፣ ልጄን ስታባብልም ያጣድፋት ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ ያለችው ነርስ ደረቷን አዳምጣ መድኃኒት ከሰጠቻት በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ጭስ ውስጥ ሌላ ክረምት እንዳታሳልፊያቸው" አለችኝ። ወሬው በመኪና ሰዎች አፍ ደጋ ደረሰ። ታላቅ ወንድሜም በአንድ ሾፌር መልእክት ላከብን፤ መጪው ክረምት መንገዱን ሳይዘጋው መጥቶ እናቱን እንደሚወስዳት።

እውነቱን ለመናገር ወንድሜ የሚወቀስ አልነበረም። ወንድ ልጅ እያላት አማቿ ቤት ከረመች መባሉ እየቆረቆረው ነው የኖረው፤ አሁን ደግሞ ሳሉ ተጨመረበት። እኔ ግን እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ይህን የማሳምርበት ቃል የለኝም። አንዴ ሽቅብ ከወጣች ቆላ ተመልሳ እንደማትወርድ አውቅ ነበር። እሷን ስጠይቃት፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሰው ቤት አጣበብኩ መሰለኝ" ብላ ፊቷን ታዞራለች። የሰው ቤት የምትለው የእኔን ቤት ነው። አማቿ አንድ ቀን እንኳ በአንደበቱ "ይቀመጡ" ብሏት አያውቅምና።

ግንቦት መግቢያ ላይ ባለቤቴ በርሜሉን በመዶሻ መታ መታ ቢያደርገው መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። "አዲስ በርሜል ባቆምም ያው ነው፤ ጭሱ ብረት ይበላል" አለኝ። እናቴ ራኩባው ሥር ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቀና ሳትል፣ "ልጄ፣ ሆዱን ጎታ ቢያለብሱትስ በያቸው" አለችኝ።

አልደገምኩለትም፤ ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ። ጎታ እንግዲህ እህል የሚቀመጥበት የጭቃ ዕቃ ነው። የደጋ ሴቶች ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክተው እንደ ቀለበት ያበጁትና ሲደርቅ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ሰው ያህል ያቆሙታል። እናቴ በአገሯ በጎታ የታወቀች ናት፤ ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ የሚጠሯት እሷን ነበር። እንደ ጎታው ያሉ ቀለበቶች ሠርተን በርሜሉ ውስጥ ብንደረድራቸው ጭሱ ብረቱን ሳይነካ በጭቃው ሆድ ይወጣል ማለቷ ነው። ባለቤቴ በርሜሉን በገመድ ለክቶ ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ለእሷ ሰጠኋት። ሁለቱም የቆሙት እኔ አጠገብ ነው።

በማግሥቱ እናቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃ ገባች። ከደጃችን ያለውን ጥቁር ዋልካ ቆፍራ፣ የማሽላ አገዳ አድቅቃ፣ እበት ጨምራ ረገጠችው። ደስ ብሏታል። "ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ነው እኮ! ይህን የመሰለ የሚይዝ ጭቃ በአገሬ ቢኖር የት በደረስኩ" ትላለች። ባለቤቴ ወደ ሥራ ሊወጣ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ። ጭቃውን አየ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ከደነው።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም" ብሎ ወጣ።

ቀለበቶቹን ራኩባው ሥር ደረደርናቸው። የሽንፋን የግንቦት ሙቀት ለሚያውቅ ማድረቁን አልነግረውም። ውሎ ሳያድር መሰነጣጠቅ ጀመሩ፤ ከዚያ በየተራ እየተፈረካከሱ አለቁ። እናቴ ስብርባሪው መሃል ቁጭ ብላ፣ "አፈሩ ከዳኝ" አለች፤ ሳሉ ደግሞ ወዲያው መጣባት። እንዲያ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም።

ባለቤቴ ከእርሻ ሲመለስ ቤቱ ጀርባ ወስዶ፣ "ዋልካ እንደሚሰነጠቅ እኮ አውቅ ነበር" አይለኝም! "በጋ ላይ እርሻው ሁሉ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ ምን ዘጋህ?"

"እንዴት ብዬ ልናገር? አማቴን ጭቃዎ አይረባም ልበል?"

በዚያ ቀን የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ፣ "ይሉኝታችሁ ከወባ የባሰ ነው፤ ለወባ እንኳ ኪኒን አለው!" ብዬው ገባሁ።

እሱ የተቆጣውን ሰው በሥራ ነው የሚያባብለው። በማግሥቱ የትራክተር ተሳቢ ላይ ቀይ አፈር ጭኖ መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ዘርግፎ፣ ትንፍሽ ሳይል ሄደ። እናቴ ጠጋ ብላ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። "ኩይሳ ነው" አለች። ምስጥ አድቅቆ፣ በምራቁ አቡክቶ የቆለለው አፈር ነው ኩይሳ፤ ሲደርቅ አይሰነጠቅም። በአገሯም ምድጃ የሚሠራው በእሱ ነው፤ እዚህ ደጃችን ላይ ስላላየችው አላሰበችውም። አፈሩን አየች፣ ዞራ ስብርባሪውን አየች፣ ገባት።

"ለካ አውቀው ነው ዝም ብለው ያዩኝ" አለች ቀስ ብላ። "እንግዳ ሲሳሳት ነው ዝም የሚባለው።" ከዚያም፣ "ወንድምሽ መቼ ነው እመጣለሁ ያለው?" አለችኝ።

እሱ ያከበራት መስሎት ዝም አለ፤ እሷ ዝምታውን እንደ እንግዳነት ቆጠረችው። መሃል ቆሜ ሁለቱን ግንባር ለግንባር ላጋጫቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ብነግራትስ ምን ዋጋ አለው? "አከበረሽ ነው እኮ" ብላት፣ "እሱማ ልክ ነው" ትለኛለች፤ በሆዷ ግን ጓዟን ትሸክፋለች።

ቢሆንም የጀመረችውን ሥራ መተው አልሆነላትም። በኩይሳው አዲስ ቀለበቶች ሠራች። አሁን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው እንዲደርቁ አደረገቻቸው። አንድም አልተሰነጠቀም። በጣት ሲመቷቸው እንደ ሸክላ ይጮሃሉ።

የምንደረድርበት ቀን እሁድ ነበር። ባለቤቴ ጣራ ላይ ወጣ። እናቴ ማድ ቤት ገብታ አንገቷን በምድጃው አፍ አስገብታ ሽቅብ ታያለች። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ቀለበቶቹን እያቀበልኩ መልእክትም አመላልሳለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ሥሩን እርጥብ ጭቃ ይቀባል፤ ባለቤቴ በሁለት ገመድ አንጠልጥሎ በበርሜሉ አፍ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ከታች እናቴ መስመሩን ታያለች፤ ሲቀመጥ የገመዱን አንድ ጫፍ ለቆ በሌላው ይስበዋል። የመጀመሪያዎቹን እናቴ በእጇ እየተቀበለች አስቀመጠቻቸው። ወደ ላይ ሲሄድ ግን እጇ አልደርስ አለ፤ በዓይን ብቻ ሆነ።

"ትንሽ ወደ ግራ ይበሉት በያቸው" ትለኛለች። ከመሰላሉ ላይ እጮሃለሁ። "ምን አሉ?" ይለኛል። ቆርቆሮው ፀሐዩን ጠጥቶ ይግላል፣ ላቡ ዓይኑን ያሳውረዋል፣ እኔም ድምፄ አልቋል። እንዲህ ስንባባል አንዱ ቀለበት ዘመመና ጠርዙ ብረቱን ነክሶ ቆመ። ገመዱ ከባለቤቴ እጅ ይንሸራተት ጀመር። ቢወድቅ የሚወድቀው ከታች በተደረደሩት ላይ ነው፤ የደከምንበት ሁሉ ዱቄት ሊሆን ነው። እናቴም አንገቷን ገና አላወጣችም።

"ወደ ግራ! ወደ ግራ ሳበው ልጄ! ጠርዙ ይዞታል፣ ከፍ አድርገው!"

ድምፅዋ በበርሜሉ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ጣራው ላይ ነጎደ። ባለቤቴ ከፍ አደረገው፤ ወደ ግራ ሳበው፤ ቀለበቱ ቁጭ አለ። በማድ ቤቱ በር አጮልቄ ባይ እናቴ ጭቃ በጭቃ በሆነው እጇ አፏን ይዛለች። ጣራ ላይ ያለው ሰውዬም ገመዱን እንደያዘ ደርቋል። ቆይቶ ጎንበስ አለና በበርሜሉ አፍ ቁልቁል፣

"እሺ እማማ" አለ።

"ተቀምጧል" አለች እናቴ ከታች። "እግዜር ይስጥህ። ቀጣዩን አምጣ።"

እኔን ረሱኝ። መሰላል ላይ ቆሜ የምሰማው ሁለት ሰዎች በቧንቧ ሲነጋገሩ ነው። አይተያዩማ! እሷ የምታየው ክብ ሰማይ፣ እሱ የሚያየው ጨለማ ነው። መጀመሪያ ስለ ጭቃው ብቻ ነበር። ቀጥሎ "ውሃ ይጠጡ እንጂ እማማ" መጣ። "አንተ ነህ ፀሐይ ላይ ያለህ" ተከተለ። መጨረሻዎቹ ቀለበቶች ላይ ስንደርስ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገች።

"ልጄ፣ ቁመቱ ያንሳል።"

"የምኑ?"

"የጢስ ማውጫው። የጣራው ጫፍ ይበልጠዋል እኮ። ነፋሱ ጣራውን ዘሎ ሲመጣ ጢሱን መልሶ ቁልቁል ይጥለዋል። የመጣሁ ሰሞን ነው ያየሁት።"

ባለቤቴ ቀና ብሎ የጣራውን ጫፍ አየ። የሠራውን በርሜል አየ። "ታዲያ ሁለት ክረምት ሙሉ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"አማቼን ሥራህ ጎደሎ ነው ልበል?"

ይህን ስትል ሳቁ አመለጠው። ሳቁ በበርሜሉ ወርዶ እሷን አገኛት፤ የእሷም ሽቅብ ወጣ። "ዋልካውን እኔም አይቼ ነበር" ይላል እየሳቀ። "አይተህማ ነበር፤ ኩይሳውን ሳይ ነው የነቃሁብህ" ትለዋለች። እኔ ግን ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገራችን ሰው። በእኛ ቤት ግን ነቅዞ ነበር፤ እናቴን ሁለት ክረምት ሙሉ ጭስ ያስዋጣት፣ ኋላም ያሳላት ጨዋነቷ ነው። ተናድጄም፣ ደስ ብሎኝም መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በቀለበቶቹና በበርሜሉ መካከል ያለውን ክፍተት በደረቅ አመድ ሞላነው። ባለቤቴ ግማሽ በርሜል ቀጥሎ፣ የቀሩትን ቀለበቶች አልብሶት ከጣራው ጫፍ በላይ አስረዘመው። ጭቃው ውስጥ ለውስጥ እስኪደርቅ እሳት እንዳይነካው እናቴ አዘዘች፤ ያዘዘችውም በበርሜሉ በኩል ነው።

አሁንማ ተገላገልኩ አልኩ። ምን ይሆናል! ከጣራ ወርዶ እጁን ሲታጠብ እናቴ ብቅ ብትል ዓይኑ መሬት ላይ ተተከለ፤ እሷም ነጠላዋን ሳበች። "እናትሽን ደከሙ በያቸው" አይለኝም? "ውጣና በጭስ ማውጫው ንገራት!" ብዬ ጥዬው ገባሁ።

ወንድሜ የመጣው ሰማዩ ከሱዳን በኩል በጠቆረበት ቀን ነው። ለአረም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን፣ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ደረሰ። መኪናው ሰዎቹን አራግፎ ዝናቡ ሳይቀድመው ሊመለስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ እስከ መስከረም ጭቃ ነው። እናቴ ወንድሜን ማድ ቤት አስገብታ ምግብ አቀረበችለት። ጓዟ በነጠላ ተቋጥሮ ጥግ ተቀምጧል። መቼ እንደቋጠረችው አላየሁም።

"ጭስ ማውጫውን አዲስ አድርገነዋል" አልኩት ወንድሜን።

"አምናም ጭስ ማውጫ ነበራችሁ" አለኝ። ክፉ ቃል የለውም፤ ልክ ብሏል። "እህቴ፣ ሳሏን እየሰማሽ! ሞክረን እንየው ብለን እንቢ ቢል መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ በምን ላውጣት?"

እናቴን አየኋት። "እንደወደዳችሁ" አለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። በሩ ላይ ባለቤቴ የእጁን ጨርቅ እየጠመዘዘ ቆሟል። በእናትና በልጅ ነገር አማች ጣልቃ አይገባም፤ ወጉ ነው። በዓይኔ ተናገር አልኩት። አፉን ከፈተ፤ ልክ እንደ ዋልካው ቀን። መልሶ ከደነውና ዞሮ ወጣ።

አለቀ አልኩ በሆዴ። በዚያች ሰዓት ባሌን ጠላሁት።

ከውጭ የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማ። ወንድሜ እጁን ታጥቦ ተነስቶ ጓዙን አነሳ። ይሄኔ ጣራችን ተንቋቋ። ሰው እየረገጠው ነው። "ምንድን ነው?" አለ ወንድሜ ቀና ብሎ።

"እማማ" አለ ምድጃው።

ወንድሜ ጓዙን ለቆ ሦስት ጊዜ አማተበ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ምድጃው ፊት ተንበረከከች፤ አንገቷን እንደዚያን ቀን አስገባች።

"አቤት ልጄ።"

"አይሂዱ እማማ።" አላት ከላይ። "ቤቱ የእርስዎ ነው። ዝም የምለው ስለማከብርዎ ነው እንጂ እንግዳ ሆነው አይደለም። ጢሱ አልወጣ ካለ ማድ ቤቱን አፍርሼ ሌላ እሠራለሁ። አይሂዱብን።"

እናቴ አንገቷን አላወጣችም፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጥሩምባው ደገመ።

"በል ውረድ፣ ዝናቡ መጣብህ" አለች ሽቅብ። "እሳት ላነድ ነው።"

ከዚያ ቀና ብላ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ እጇን ወደ ወንድሜ ዘረጋች።

"ክብሪት ይዘሃል?"

ወንድሜ አንዴ እሷን፣ አንዴ መሬት ላይ የወደቀውን ጓዝ አየ። ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ሰጣት።